ጀልባችሁ የሚተኛበት እንጨት፦ የትሬይለር መደብ አመራረጥና የትንሽ ጀልባ አደረጃጀት

ጀልባ የሚበላሸው ውኃ ላይ ይመስለናል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርስበት ግን ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ጀልባ በዓመት ውስጥ ውኃ የሚነካው ሠላሳ አርባ ቀን ቢሆን ነው። የቀረውን ከሦስት መቶ በላይ ቀን ትሬይለር ላይ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ምን ላይ እንደሚተኛ ማወቅ ሞተሩን ከማወቅ አያንስም።

እኔ የምኖረው ሰሜን ቨርጂንያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለ 16 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ ከነትሬይለሩ ገዛሁ። ከሥር ያሉት እንጨቶች በስብሰው ነበር። እንጨት መሸጫ ሄድኩና የምሠራውን ነገርኩት። ሻጩ «ውጪ የሚቀመጥ ከሆነ አረንጓዴውን ውሰድ፤ እሱ አይበሰብስም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልበሰበሰም። ገዛሁ፣ ቆረጥኩ፣ ምንጣፍ አለበስኩ፣ ደስ ብሎኝ ገጠምኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ብሎን ላላና ጀልባውን በክሪክ ከፍ አደረግሁት። የጀልባው ሆድ ላይ፣ ልክ እንጨቶቹ በተኙበት ቦታ፣ ሁለት ነጭ መስመሮች ተሰምረዋል። ዱቄት ይመስላል። በጣቴ ጠረግሁት። ከሥሩ ላሜራው ብጉር ብጉር ብሏል። አንዳንዱ ጉድጓድ የጤፍ ቅንጣት ያህላል፤ ምስር የሚያህልም አለ። በጥፍሬ ስነካው ጥፍሬ ገባበት። የብዙዎቹ ትናንሽ ጀልባዎች ላሜራ ውፍረት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ ምስር የሚያህል ከጎደለ ምን ያህል እንደቀረ አስቡት።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንን ነጭ መስመር እንዳያይ ነው።

መደብ ስንል

ትሬይለሩ ላይ ጀልባው የሚያርፍባቸው ሁለት፣ አንዳንዴ አራት፣ ረጃጅም እንጨቶች አሉ። ብዙ ጊዜ ምንጣፍ ለብሰዋል። አሜሪካኖቹ «በንክ» ይሏቸዋል። እኔ መደብ እላቸዋለሁ። የአያቶቻችን ቤት መደብ ሰው እንደሚተኛበት ሁሉ፣ ጀልባውም የሚተኛው እዚያ ነው።

በመደብ ፈንታ የጎማ ሮለር ያለው ትሬይለርም አለ። ሮለር ጀልባውን ለማውረድና ለመጫን ይቀላል፤ በተለይ ጀልባ ወደ ውኃ የሚገባበት የሲሚንቶ መውረጃ ብዙ የማያዘቀዝቅ ከሆነ ወይም ውኃው ከጎደለ። ክብደቱን ግን በጥቂት ነጥቦች ላይ ነው የሚያሳርፈው። ከነሞተሩ 500 ኪሎ የሚመዝን ጀልባ 8 ሮለር ላይ ቢቀመጥ እያንዳንዱ ሮለር ከ60 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ያ ሁሉ የሚያርፈው ሁለት ጣት በምታህል ቦታ ላይ ነው። መደብ ግን ክብደቱን በርዝመቱ ሁሉ ያከፋፍለዋል። ለስስ አሉሚኒየም ጀልባ እኔ መደብን እመርጣለሁ።

አረንጓዴው እንጨት ምን አለበት?

እንጨቱን ከምስጥና ከብስባሴ ለመጠበቅ መዳብ ያለበት መድኃኒት በግፊት ያስገቡበታል። አረንጓዴ መልክ የሚሰጠው ይኸው መዳብ ነው። እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት በብዛት ይሸጥ የነበረው መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የተቀላቀለበት ነበር። አርሴኒኩ ስላሳሰበ ከዚያ ገበያ ወጣ። በምትኩ የመጡት ኤሲኪው እና ሲኤ የሚባሉት መድኃኒቶች አርሴኒክ የላቸውም። የመዳባቸው መጠን ግን ከቀድሞው ይበልጣል። ዝገቱን ያዝ ያደርግ የነበረው ክሮሚየምም አብሮ ቀርቷል። ለዚህ ነው «ድሮ እኔ ተጠቅሜ ምንም አልሆነም» የሚል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ብታገኙ ውሸታም አይደለም የምላችሁ። እሱ የተጠቀመው እንጨትና ዛሬ መደብሩ ውስጥ የተደረደረው እንጨት መልካቸው ቢመሳሰልም አንድ አይደሉም።

መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲገናኙ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። በዚያ ባትሪ ውስጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ምንጣፉ ደግሞ ውኃ ይዞ ይቆያል። ጀልባውን ከወንዝ አውጥታችሁ ቤት ካደረሳችሁት ከቀናት በኋላም መደቡና ሆዱ የሚነካኩበት ቦታ እርጥብ ነው። ጨው ካለበት ይብሳል። ፖቶማክ ዋሽንግተን አጠገብ ጨው የለውም፤ ወደ ቼሳፒክ ቤይ እየወረዳችሁ ስትሄዱ ግን ውኃው ቀስ በቀስ ጨዋማ ይሆናል።

አሁን ደግሞ መዳቡ በጣም ደቅቆ የተቀላቀለበት፣ ማይክሮናይዝድ የሚሉት እንጨት አለ። ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚጎዳ ይነገርለታል። ለአጥርና ለበረንዳ ጥሩ ነው። እርጥብ ምንጣፍ ሥር፣ ጀልባዬ ሆድ ላይ ግን አላስቀምጠውም። ቦሬት የሚባለው ሌላ መድኃኒት የገባበትም አይሆንም፤ ቦሬት በውኃ ታጥቦ ይወጣል።

ጀልባችሁ ፋይበርግላስ ከሆነ መዳቡ ሆዱን አይጎዳውም። አረንጓዴውን መጠቀም ትችላላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ አስተውሉ። ትሬይለሩ ራሱ አሉሚኒየም ከሆነ እንጨቱ የሚነካው ቦታ ላይ ያው ችግር ይመጣል። ብሎኖቹም ወይ ስቴንለስ ወይ ትኩስ ዚንክ ውስጥ የተነከሩ ጋልቫናይዝድ መሆን አለባቸው። ተራው የሚያብረቀርቅ ብሎን እዚያ እንጨት ውስጥ ቶሎ ያልቃል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትፈቱ ለኩ

አሮጌው መደብ ከመነሳቱ በፊት ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ በሁለቱ መደቦች መካከል ያለውን ርቀትና የእያንዳንዱን መያዣ ብረት ከፍታ ለኩ። ፎቶ አንሱ። መያዣው የታሰረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ወደ ኋላ ዙሩና የመደቡን ጫፍ እዩ። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ ሥር መድረስ አለበት። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ ይሻላል። ብዙ አሮጌ ትሬይለሮች ላይ አጥሮ ታገኙታላችሁ፤ የእኔም አጥሮ ነበር። የጀልባው ከባዱ ክፍል ኋላው ነው። ሞተሩ እዚያ ነው፣ ባትሪው እዚያ ነው፣ ቤንዚኑም እዚያ ነው። ያ ሁሉ አየር ላይ ከተንጠለጠለ የሆዱ ላሜራ ከጊዜ ብዛት ይጎብጣል። የጎበጠ ሆድ ያለው ጀልባ በፍጥነት ሲሄድ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል። ይህን በሞተር ማስተካከያ አትመልሱትም።

መደቡ የሚያርፍበትን ቦታም እዩ። ከውስጥ በኩል ሆዱን ርዝመቱን ይዘው የሚያጠነክሩት ዘንጎች አሉ። መደቡ በተቻለ መጠን ከእነሱ ሥር ይሁን። በባዶ ላሜራ ላይ ብቻ እንዳያርፍ።

ደረጃ 2፦ እንጨቱን ምረጡ

የተለመደው ባለ ሁለት በአራት ሞራሌ ነው። ስሙ ሁለት በአራት ኢንች ይባል እንጂ ሲለካ 3.8 በ8.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ሳታውቁ ብሎን ከገዛችሁ ይረዝምባችኋል። ጀልባው ከበድ ካለ ባለ ሁለት በስድስቱን ውሰዱ።

ሞራሌው በጎኑ ሲቆም፣ ማለትም ጠባቡ ፊት ወደ ላይ ሲሆን፣ ተጋድሞ ከሚቀመጠው ከ5 እጥፍ በላይ መጉበጥን ይቋቋማል። ተጋድሞ ሲቀመጥ ግን ጀልባውን የሚነካው ፊት ሰፊ ነው። የመያዣ ብረቶቹ ተራርቀው ከሆነ አቁሙት፤ ተቀራርበው ከሆነ አጋድሙት። እኔ ሁለት መያዣ ብረት ጨምሬ አጋድሜዋለሁ።

ለአሉሚኒየም ጀልባ መድኃኒት ያልገባበት እንጨት ያስፈልጋል። ዳግላስ ፈር የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ሴዳር ብስባሴን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ነገር ግን ለስላሳ ነው፣ ብሎን ሲጠብቅበት ይሰረጉዳል። ለቀላል ጀልባ ይሆናል። ነጭ ኦክ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከባድና ውድ ነው እንጂ።

ቀይ ኦክን ግን ተዉት። ከነጩ ጋር ወንድማማች ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ይለያያል። የቀይ ኦክ ቀጭን ቁራጭ አንዱን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ በሌላው ጫፍ በአፋችሁ ብትነፉ ውኃው አረፋ ይሠራል። የእንጨቱ ቧንቧዎች ክፍት ናቸው ማለት ነው። አየር ካለፈ ውኃም ያልፋል። የነጩ ኦክ ቧንቧዎች ግን የተደፈኑ ናቸው።

ለበረንዳ የሚሸጠው ከፕላስቲክና ከእንጨት ዱቄት የተሠራው ጣውላ ብዙ ሰው ያታልላል። አይበሰብስም፣ መዳብ የለውም። ሸክም ለመሸከም ግን አልተሠራም። በበጋ ሙቀት በመያዣዎቹ መካከል ይረግባል። ከፈለጋችሁት ከሥሩ ሞራሌ አድርጉለት፤ ለብቻው አታሸክሙት።

መደብሩ ውስጥ ስትመርጡ አትቸኩሉ። እያንዳንዱን ሞራሌ አንስታችሁ በአንድ ዓይን በርዝመቱ እዩት። ከተጣመመ መልሱት። አንጓ የበዛበትን መልሱት። አሥር አንስቼ ሁለት ነው የያዝኩት፤ ማንም አልተቆጣኝም።

ደረጃ 3፦ ቁረጡ፣ ብሱ፣ ከዚያ ቀቡ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አይገለበጥም። ከተቀባ በኋላ የሚበሳ ቀዳዳ የውኃ መግቢያ በር ነው።

ልክ ቁረጡ። የላይኛውን ጠርዞች በመጋዝ ወይም በሞረድ ክብ አድርጉ፤ ስለታም ጠርዝ ምንጣፉን ይበላዋል። በትራፓኖ ቀዳዳዎቹን ብሱ።

ብሎኑ ከላይ ወደ ታች የሚያልፍ ከሆነ ጭንቅላቱ እንጨቱ ውስጥ መስመጥ አለበት። ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይስመጥ። ምንጣፉ ይከልለዋል ብላችሁ አትተማመኑ። እንጨትና ምንጣፍ በክብደት ይታመቃሉ፤ የብሎን ጭንቅላት አይታመቅም። ከሁሉ የተሻለው ግን ከላይ ምንም ብረት አለመኖሩ ነው። መያዣው የሚፈቅድ ከሆነ ከሥር በኩል በትልቅ ጥርስ ቪቴ እሰሩት። የቪቴው ርዝመት ከእንጨቱ ውፍረት ማነስ አለበት። ከመያዣው ብረት በኋላ እንጨቱ ውስጥ የሚገባው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን በቂ ነው።

አሁን ቀቡ። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ኢፖክሲ ከሁሉ ይሻላል። ሦስት ጊዜ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ። የተቆረጠው ጫፍ ውኃ የሚመጠው እንደ ስትሮ ነው፤ ስለዚህ ጫፎቹን መጀመሪያ ቀቡ፣ ሲጠጣው እንደገና ቀቡ፣ እስኪበቃው ድረስ። የቀዳዳዎቹን ውስጥ በጥጥ ወይም በቀጭን ብሩሽ ቀቡ። ኢፖክሲ ፀሐይ ሲመታው ይደክማል፤ ምንጣፉ ስለሚሸፍነው ግን እዚህ ችግር የለም። ኢፖክሲ ውድ ከሆነባችሁ ጥሩ የውጪ ዘይት ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት ከምንም ይሻላል። ጓንት አድርጉ፣ አየር ያለበት ቦታ ሥሩ። ምንጣፍ ከማልበሳችሁ በፊት ጥቂት ቀን ይድረቅ።

ደረጃ 4፦ ምን ይልበስ?

ምንጣፍ በብዛት የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ለጀልባው ለስላሳ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጀልባው በቀላሉ አይንሸራተትበትም። የሚገዛው ፖሊፕሮፒሊን የሆነው፣ ለጀልባ ተብሎ የሚሸጠው ነው። ክሩ ራሱ ውኃ አይጠጣም። ከጀርባው ጎማ የተለጠፈበትን የቤት ወይም የበረንዳ ምንጣፍ አትግዙ። ጎማው ውኃውን አፍኖ ይይዘዋል።

ማያያዣው ስቴንለስ ስቴፕል ይሁን፤ እግሩ 12 ሚሊ ሜትር ያህል። ተራ የቢሮ ወይም የአናጢ ስቴፕል በአንድ ክረምት ይዝጋል፣ ዝገቱም ይወርዳል። ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ ይለሰልሳል። ከዚያ ወጥራችሁ ጠቅልሉት። ስቴፕሉን በጎንና በሥር በኩል ብቻ፣ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ምቱ። ከላይ አንድም ስቴፕል አይኑር። አንድ ስቴፕል ጭንቅላቱን ብቅ ካደረገ፣ ጀልባው በገባና በወጣ ቁጥር ሆዱን እንደ ምስማር ይቧጥጠዋል።

ከሥር በኩል የምንጣፉ ሁለት ጠርዞች እንዲገናኙ አታድርጉ። መሐላቸው ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይሁን። ውኃው የሚወጣው፣ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ላዩ ላይ ኮላ መለጠፍም አልወድም፤ መድረቁን ያዘገየዋል።

ሌላው ምርጫ ፕላስቲክ ነው። ወፍራም የፖሊኤቲሊን ንጣፍ በመደቡ ላይ ይታሰራል። ውኃ አይዝም፣ አይበሰብስም፣ ጀልባው ቅቤ እንደተቀባ ይንሸራተታል። ለአሉሚኒየም ጀልባ በጣም ጥሩ ነው፤ የእርጥበቱን ነገር ከሥሩ ይነቅለዋል። ፕላስቲክ በሙቀትና በብርድ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ክብ ሳይሆኑ ሞላላ ይሁኑ። የብሎኖቹ ራስም በደንብ ይስመጥ።

ግን አደራ። ፕላስቲክ ያለበት ትሬይለር ላይ የዊንቹን፣ ማለትም ጀልባውን እየጠቀለለ የሚስበውን መሣሪያ፣ ገመድ መውረጃው ላይ ሆናችሁ ቀድማችሁ አትፍቱ። ጀልባው ውኃው ጋ ሳይደርስ ሲሚንቶው ላይ ይወድቃል። ፖቶማክ ዳር ያለው ሊሲልቫንያ ፓርክ መውረጃ ላይ አንድ ቤተሰብ ይህ ሲደርስበት አይቻለሁ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ገመዱና የአፍንጫው ሰንሰለት የሚፈቱት የጀልባው ኋላ መንሳፈፍ ሲጀምር ነው።

ደረጃ 5፦ ግጠሙ

ጀልባውን ሙሉ በሙሉ ማውረድ አያስፈልግም። ሁለቱን መደቦች በየተራ ቀይሩ። ትሬይለሩ መኪናው ላይ እንደተያያዘ ይቆይ። ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዱ። ክሪኩን ከኋላ ግድግዳው ሥር፣ መሐሉ ላይ፣ ሰፊ ጣውላ ጣልቃ አስገብታችሁ አንሱ። ሁለት ጣት ከፍ ካለ ይበቃል። ከዚያ ወፍራም ግንድ ወይም የብረት ማቆሚያ ከሥሩ አስገቡ። በክሪክ ብቻ በተያዘ ጀልባ ሥር እጃችሁንም አታስገቡ።

መያዣዎቹን መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ጀልባውን ዝቅ አድርጉት። ክብደቱ ሲያርፍ መደቡ ራሱ የሆዱን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል። ያኔ ዳዶዎቹን አጥብቁ። ሮንዴላ አትርሱ፤ ካልሆነ ዳዶው እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። መደቡና ሆዱ መካከል ወረቀት አስገብታችሁ ሞክሩ። በቀላሉ የሚገባበት ቦታ ካለ እዚያ ክብደት አላረፈም።

የእኔ ጀልባ ላይ የነበረውን ብጉር ምን እንዳደረግሁትም ልንገራችሁ። በስቴንለስ ብሩሽ ነጩን ዱቄት በሙሉ አወጣሁት። የነሐስ ብሩሽ አይሆንም፤ ነሐስ ራሱ መዳብ አለበት። ንጹሕ ብረት ሲታይ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጉድጓዶቹን ለብረት በተሠራ ኢፖክሲ ሞላሁ። ሁለቱ ጥልቅ ነበሩ፤ ላሜራውን ከግማሽ በላይ በልተውታል። እነሱን አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ ጋ ወሰድኳቸው። የብየዳው ዋጋ ሁለቱን መደቦች ሦስት ጊዜ ያስገዛ ነበር።

ወደ ጀልባው ውስጥ ስንገባ

ውስጡን ስታደራጁም ያው ሕግ ይከተላችኋል፦ ውኃ መውጫ ይኑረው፣ መዳብ አሉሚኒየሙን አይንካ።

ወለሉን የምትቀይሩ ከሆነ መድኃኒት የገባበት ኮምፔንሳቶ አታንጥፉ። ታሪኩ ከላይ የነገርኳችሁ ነው፤ ልዩነቱ ጉዳቱ ከውስጥ መጀመሩ ነው። ለጀልባ የተሠራ ኮምፔንሳቶ ወይም የአሉሚኒየም ላሜራ አድርጉ። ኮምፔንሳቶውን በሁሉም ፊት፣ ጠርዞቹን ጨምሮ፣ ኢፖክሲ ቀቡት። ላዩ ላይ ከምንጣፍ ይልቅ ቪኒል ይሻለኛል። የዓሣ ደም ይታጠባል፣ የወደቀ መንጠቆም ይታያል። ልጆች ባዶ እግራቸውን ለሚሆኑበት ጀልባ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወለሉን ስታነሱ ከሥሩ ፎም ታገኛላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ የሚያጥሩ ባለ ሞተር ጀልባዎች ከፋብሪካ የሚመጡት ውኃ ቢሞሉም እንዳይሰምጡ ተደርገው ነው፤ ያንን የሚያደርገው ይህ ፎም ነው። ቦታ ለማግኘት ብላችሁ አውጥታችሁ አትጣሉት። ቁራጭ ቆርጣችሁ ጭመቁት። ውኃ ካንጠባጠበ ቀይሩት፤ እርጥብ ፎም ሸክም ነው።

ስቴንለስ ቪቴ አሉሚኒየም ውስጥ ስታስገቡ ለዚህ ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት ቀቡት። ካልሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቆም በሉ። የመኪና ሥራ የለመደ ሰው አንድ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ አውጥቶ ኔጋቲቩን በአካሉ መመለስ ይቀናዋል። በአሉሚኒየም ጀልባ ይህ ፈጽሞ አይደረግም። ሆዱ ሽቦ አይደለም። ለእያንዳንዱ መብራትና ፓምፕ ሁለት ሽቦ ዘርጉ። ሽቦው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ይሁን፤ ሲቆረጥ ውስጡ ቀይ ሳይሆን ብርማ ነው። ማያያዣዎቹ ሲሞቁ ሽቦውን አጥብቀው የሚይዙ ይሁኑ። ፊውዙን በተቻለ መጠን ባትሪው አጠገብ አድርጉ። ፊውዙ ሩቅ ከሆነ፣ በመሐል ያለው ሽቦ ሲላጥ የሚያቆመው ነገር የለም።

ባትሪው ሳጥን ውስጥ ገብቶ በጠፍር ይታሰር። ሆዱ ውስጥ የወደቀ የአንድ ሳንቲም ገንዘብም አንሱ፤ መዳብ ለብሷል። የእርሳስ ክብደቶችን ሣጥን ውስጥ አኑሩ። ሆዱን ከሥር ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ መዳብ የሌለበትን ግዙ።

ወደ ላይፍ ጃኬቱ ልምጣ። ብዙዎቻችን ደጋ ያደግን ነን። ዋና የማያውቅ ጎልማሳ በመካከላችን ብዙ ነው። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ አንድ ጃኬት መኖር አለበት፤ ሕጉ ይህን ይላል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጀልባው እየሄደ ሳለ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ መልበስ ግዴታው ነው፤ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ደንብ ስላላቸው የእናንተን እዩ። እኔ ጋ የሚሳፈር ሰው ግን ትልቅም ትንሽም ይለብሳል። «ይሞቃል» የሚል አጎት ቢኖር በትሕትና «ጋሼ፣ ሲለብሱ እንሄዳለን» እለዋለሁ። ሳይለብስ ሞተር አላስነሳም።

16 ጫማና ከዚያ በላይ የሆነ ጀልባ ለወደቀ ሰው የሚወረወር መንሳፈፊያም መያዝ አለበት። የእሳት ማጥፊያው 5-ቢ የተጻፈበት ይሁን። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ከተመረተ 12 ዓመት ካለፈው ዋጋ የለውም፤ ዓመቱ ታቹ ላይ ተቀርጿል። ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ደግሞ ከ26 ጫማ የሚያጥርና 3 ፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ጀልባ ሲሮጥ፣ ነጂው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነቱ ላይ ማሰር አለበት። ነጂው ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ይቆማል። ቨርጂንያ ውስጥ 10 ፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሚነዳ ሰው የደኅንነት ትምህርት መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

ከመንገድ በፊት

ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ ስትጨርሱ የትሬይለሩ አፍንጫ መኪናው ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት ለኩ። ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መሆን አለበት። ጀልባው፣ ትሬይለሩና ዕቃው አንድ ላይ 700 ኪሎ ከሆኑ ከ35 እስከ 70 ኪሎ ማለት ነው። ይህን በቤት ሚዛን መለካት ይቻላል። ሚዛኑን ከማያያዣው ሥር፣ ልክ መኪናው ላይ በሚሆንበት ከፍታ፣ ግንድ ላይ አድርጋችሁ አሳርፉት። ካነሰ ትሬይለሩ መንገድ ላይ ጅራቱን ይወዘውዛል። ያኔ የጀልባው አፍንጫ የሚደገፍበትን ማቆሚያ ወይም ባትሪውን ወደ ፊት ውሰዱ።

ኩሽኔታውን አትርሱ። ረጅም መንገድ ሄዶ የጋለ ኩሽኔታ በቀጥታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ውኃውንም ይስባል። መውረጃው ጋ ስትደርሱ እጃችሁን ጎማው መሐል ላይ አሳርፉ። ካቃጠላችሁ ዕቃ እያስተካከላችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ግሪሱ ውኃ የሚችል ዓይነት ይሁን። የመብራቱን ሶኬት ንቀሉ። የሆዱን ውታፍ ግጠሙ፤ እጄን ውታፉ ላይ ሳላደርግ መኪናውን ወደ ኋላ አልነዳም።

ቤት ስትመለሱ ውታፉን አውጡ፣ የትሬይለሩን አፍንጫ በክሪኩ ከፍ አድርጉ፣ ውኃው ወርዶ ይለቅ። ጣና ላይ ደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳዋ ከሥራ ስትመለስ ከውኃ ወጥታ ትደርቃለች። ሳትደርቅ የምትውል ታንኳ ዕድሜ የላትም።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁሉንም ዳዶ እንደገና አጥብቁ። አዲስ እንጨት ሲታመቅ ይላላሉ። ከዚያ በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ ብርዱ ሲሰበር፣ ጀልባውን ሁለት ጣት አንሱና በባትሪ መብራት ከሥሩ እዩ። ምንጣፉን በጣታችሁ ጫን በሉት። ውኃ ከወጣ ወይም ጣታችሁ ነጭ ዱቄት ይዞ ከተመለሰ፣ የዚያን ቀን ዓሣ ማጥመዱን ትታችሁ መደቡን ፍቱ።

ዘንድሮ የእኔን አይቻለሁ። ዳግላስ ፈር ላይ ፕላስቲክ ካደረግሁ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ጣቴ ላይ የቀረው የመንገድ አቧራ ብቻ ነበር።